ንቦቹ ባይወጡስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በእምነት ከለመንሁ ለምን አልተሰጠኝም?» ጠያቂው ብዙ ጊዜ «እምነቴ ቢጐድል ነው» ብሎ ያዝናል፤ ቀስ በቀስም ከጸሎት ይርቃል። እኔ ግን ስሕተቱ ከመለኪያችን ይመስለኛል። እምነትን የምንለካው ከልመናችን በኋላ ባገኘነው ነገር ሆኗልና።

እስኪ ጎንደርን እንመልከት። አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሩትን ደብረ ብርሃን ሥላሴን የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር ሲገቡ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ግን የንብ መንጋ ወጥቶ እንደ ጠበቃት አባቶቻችን ይተርካሉ። ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ሊለንም ይገባል። ነገር ግን በተቃጠሉት አድባራትም ኪዳን ይደርስ፣ ቅዳሴ ይቀደስ ነበር። ንብ ስላልወጣላቸው እምነት አልነበራቸውም ልንል ነውን? ይህን ማን ይደፍራል? ንቦች የጠበቋት ደብር አምላክና እሳት የበላቸው አድባራት አምላክ አንድ ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር ፊት የመለሱትን ልብ እንበል። አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ አከሉበት (ዳን. 3፥17-18)። እምነታቸው የተፈተነው ወደ እሳቱ ሲገቡ ነው፤ በደኅና መውጣታቸው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

«ፈተናውን ካለፍሁ ጃንጥላ አገባለሁ» ብሎ መሳል በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። ስለት ነውር አይደለም፤ ሐናም ተስላለች። ዳሩ ግን ሐና ከጸሎቷ ስትነሣ ገና ሳሙኤልን አልፀነሰችም ነበር፤ ሆኖም እህል ቀመሰች፣ ኀዘኑም ከፊቷ ተወገደ (1ኛ ሳሙ. 1፥18)። ጭንቀቷን ለአምላኳ አስረክባ ወጣች። እኛስ? ስለቱን ተስለን ጭንቀቱን ይዘን እንመለሳለን፤ የፈለግነው ሲዘገይም እግዚአብሔርን እንደ ባለዕዳ እንቆጥረዋለን።

ምሪትን በመጠየቅም እንዲሁ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤት ያልመጣለት፣ ሥራ ያጣ፣ በመተማ በኩል ለመሰደድ የሚያስብ ወጣት «ጌታ ሆይ፣ ምልክት ስጠኝ» ይላል። ምልክቱ ሲዘገይበት አንዳንዱ «የሚሆንልህን እነግርሃለሁ» የሚል ሰው ደጅ ይጠናል። እግዚአብሔር ግን የሚመራባቸውን መንገዶች አስቀድሞ ሰጥቶናል። ያሰብሁት ነገር ከትእዛዙ ጋር ይስማማልን? የንስሐ አባቴ ምን ይላሉ? እናትና አባቴስ? ዛሬ በእጄ ያለውን ኃላፊነት ተወጥቻለሁን? የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ዝናም ሲዘገይ ምህላ ይገባል፤ ሞፈርና ቀንበሩን ግን አይጥልም። እርሻውን ያዘጋጃል፤ ዝናሙን ለሰጪው ይተዋል።

«እንግዲያስ መለመን ለምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። ጌታችን ራሱ እንደምናገኝ አምነን እንድንለምን አስተምሮናልና (ማር. 11፥24) ልመናችንን ማሳነስ አይገባንም። ይህን ያስተማረ ጌታ ግን በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለምኖ ፈቃዱን ለአባቱ ሰጠ (ማቴ. 26፥39)። ጽዋው አላለፈም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ወደ መቅደሱ በሚያስገባው ግድግዳ ላይ የሥላሴ ሥዕልና ስቅለቱ አብረው ይታያሉ። የንቦቹን ተአምር እያሰበ ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ የተሰቀለውንም ሳያይ አይወጣም። መስቀሉን ተከትሎም ትንሣኤ መጥቷል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ዛሬ ስትጸልዩ የልባችሁን መሻት ሳታፍሩ ንገሩት፤ ፈውሱን፣ ሥራውን፣ ትዳሩን ለምኑ። ከዚያም እንደ ሐና ተነሥታችሁ እህል ቅመሱ፤ ነገ የሚጠብቃችሁንም ሥራ በሰላም ጀምሩ። ንቦቹ ቢወጡ እናመሰግናለን፤ ባይወጡም ከደጁ አንርቅም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።