ዕቃ መቀየር ጥገና አይደለም!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ደግሞ የራሳችሁን ጋራዥ የከፈታችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ታገሱኝ።

«መኪናዬ ከ80 ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ለሚመጣ ሰው የሚሰጠው መልስ በየሄደበት ያው ነው፦ «ጎማ ነው»። ባላንስ ይሠራለታል። አልጠፋም? «እንግዲያው አሞርዛቶር ነው»። ይቀየራል። አሁንም አለ? «ጌታዬ፣ መኪናው አርጅቷል እኮ!» በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ተገመተ፣ ሦስቱንም ጊዜ የከፈለው ባለመኪናው ነው። ንዝረቱ ግን አብሮት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ሳይለካ ዕቃ የሚቀይር ሰው አልጠገነም፤ በሰው ገንዘብ ዕጣ እያወጣ ነው።

ድሮ ይህ ጉዳይ ብዙም አይታይም ነበር። በጉድጓዳሙ መንገድ ላይ 60 የማታልፍ ላንድ ክሩዘር ሕመሟን ደብቃ ትኖር ነበር። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ግን ያቺው የ1980ዎቹ መኪና ለስላሳ አስፋልት ላይ ወጥታ በ90 እና በ100 መሮጥ ጀመረች። የተደበቀው ሁሉ ወጣ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ይናገራል፤ እኛ ግን አናዳምጥም።

«ይናገራል» ስል ለአፌ ያህል አይደለም፤ ሒሳብ ነው። 7.50-16 ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ይዞራል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ፣ ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ በዚያው ፍጥነት በሴኮንድ 41 ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚመጣው ንዝረት እጅ ላይ የሚርገፈገፍ፣ መሪውን የሚያወዛውዝ ነው። በሴኮንድ 40 ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ወለሉንና ወንበሩን እንደ ወፍጮ ቤት የሚያስጮህ ነው። ሁለቱን ለመለየት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። እጅና መቀመጫ ይበቃል!

ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ከባለመኪናው ጋር ነድታችሁ እነዚህን ጠይቁ። የት ነው የሚሰማው፣ መሪው ላይ ወይስ ወንበሩ ላይ? ነዳጅ ሲሰጥ ነው ወይስ ሲለቀቅም አለ? በአንድ ፍጥነት ላይ ከ5ኛ ወደ 4ኛ ማርሽ ሲወርድ ንዝረቱ ይለወጣል? ከተለወጠ ወደ ሞተሩ በኩል ሂዱ፤ ካልተለወጠ ከካምቢዮ በኋላ ያለውን ፈልጉ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የሚመጣው? እንግዲያው ዲስኩንና ታምቡሩን እዩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ፦ ከምን ሥራ በኋላ ጀመረ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትሠራለች።

ከዚያ ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድሙ። የቸርኬውን ውስጥ እዩ። ከክረምት መንገድ የተመለሰ መኪና ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ይዞ ይመጣል። 16 ኢንች ቸርኬ ጠርዝ ላይ የተጣበቀ 100 ግራም ጭቃ በ90 ፍጥነት ወደ 8 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ጎማውን ይጎትተዋል፣ ያውም በሴኮንድ 10 ጊዜ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ45 ዝም ያለው በ90 የሚጮኸው ለዚህ ነው። መፍትሔው ባልዲ ውኃና ብሩሽ ነው።

ቀጥሎ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ፣ መኪናውን በመቆሚያ ደግፋችሁ፣ አንድ እንጨት አጠገቡ አስደግፋችሁ አዙሩት። እብጠት ወይም መጣመም ካለ እንጨቱ ይነግራችኋል። ባላንስ የተሠራለት ጎማ ሁሉ ክብ ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮችም አንብቡ፤ 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ያበጠ ጎማ ከሆነ ግን ከንዝረቱ አልፎ የነፍስ ጉዳይ ነው፤ በፍጥነት ላይ እያለ ይፈነዳል።

አሁንም ክሪኩ ላይ እያለ ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተላወሰ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መላወሱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ መሪው ሲዞር ጎማው የሚታጠፍባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ናቸው። ይህን ሳያዩ የመሪ ዳምፐር መቀየር ትኩሳት ያለበትን ሰው ብርድ ልብስ ማልበስ ነው። ንዝረቱ ለጊዜው ይደበቃል፣ ኩሽኔታው ግን መበላቱን ይቀጥላል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የአንድ ወዳጄ ላንድ ክሩዘር 60 ወለሉ ላይ ይጮህ ነበር፤ መሪው ግን ጸጥ ያለ ነው። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ አራት አዲስ ጎማ አስገዛው፣ ከዚያ አሞርዛቶር፣ ከዚያ የመሪ ዳምፐር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። «ክሮቼራ ካስቀየርኩ በኋላ» አለኝ። አያችሁ? መልሱ እዚያው ነበር፤ የጠየቀው ሰው አልነበረም እንጂ። ክሮቼራው ሲቀየር የኋላውን ዘንግ መሃል ላይ ጎትተው ለያይተውታል፤ ሲመልሱት ምልክት ስላላደረጉበት በጥርሱ ላይ አዛንፈው አስገቡት። ክሮቼራ አጎንብሶ ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የወዲያኛው ጫፍ ክሮቼራ ይህን የሚያስተካክለው ሁለቱ ሹካዎች በትክክለኛው አቅጣጫ ሲገጠሙ ብቻ ነው። ዘንጉን አውርደን አስተካክለን መለስነው፤ ጩኸቱ ጠፋ። የተገዛ ዕቃ የለም!

(እግረ መንገዴን፦ ዘንግ ከመፈታቱ በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። በአንዳንድ ሞዴሎች የፊተኛውን ዘንግ ፋብሪካው ራሱ አዛንፎ ነው የገጠመው፤ በዓይን ግምት «ላስተካክል» ማለት ማበላሸት ነው። ለጭነት ብላችሁ ባሌስትራ ላይ ቅጠል ስትጨምሩም የዘንጉ አጎንባሽነት እንደሚለወጥ አትርሱ።)

«ቲቸር፣ እንዲህ ለማየት ጊዜ የለንም፤ ደንበኛውም ራሱ ቀይርልኝ ይላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት አላችሁ፣ ግማሹን። ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። እናንተ ባለመኪኖች! ለጎማ ሳትከራከሩ ትከፍላላችሁ፤ አንድ ሰዓት ተኝቶ ከሥር ላየላችሁ መካኒክ ግን «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» ትላላችሁ። ለዓይንና ለጭንቅላት የማይከፈልበት ጋራዥ በዕቃ ሽያጭ መኖርን ይማራል። ልጁም አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ይማራል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ዛሬ መብራት የሚይዘው ልጅ ነገ የሚገምት መካኒክ ይሆናል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላል አገሬው። እንግዲህ ባለመኪኖች፣ ለምርመራ ክፈሉ። ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ደግሞ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?» «ከልምድ» ካላችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። «ና ላሳይህ» ብሎ ከመኪናው ሥር ይዟችሁ ከገባ ግን ያንን ሰው አትልቀቁት።

ተማሪዎቼ፣ «ና ላሳይህ» የሚሉት እናንተ ሁኑ። የምትስማሙም የማትስማሙም ከታች ጻፉ፤ በተለይ የማትስማሙ። መኪናችሁ የሚንቀጠቀጥባችሁ ደግሞ ፍጥነቱን፣ የሚሰማበትን ቦታና ከምን ሥራ በኋላ እንደጀመረ ጻፉልኝ። «ይንቀጠቀጣል» ብቻ ብሎ ለጻፈ ግን አልመልስም!