አራት አፍ ያለው ሣጥን

ኪነጥበብ ያለ መሣሪያ አይቆምም፤ መሣሪያ ብቻውን ግን ኪነጥበብ አይሆንም። ይህ ግልጽ እውነት በተዘነጋበት ቦታ ሁሉ ሣጥኑ ከዜማው ይቀድማል፤ ሻጩም ከደራሲው በላይ ይናገራል። ለዚህ ጉዳይ ከኳድራፎኒክ አምፕሊፋየር ታሪክ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በ1970ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጃፓንና የአሜሪካ ኩባንያዎች ለመኖሪያ ቤት ያቀረቡት ይህ ባለአራት ቻናል መሣሪያ፣ አድማጩን በክፍሉ አራት ማዕዘናት በቆሙ ድምፅ ማጉያዎች መካከል አስቀምጦ ሙዚቃን ከፊትም ከኋላም ሊያሰማው ቃል ገብቶ ነበር። አሥር ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ዛሬ ደግሞ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች አቧራውን አራግፈው፣ የእንጨት ሽፋኑን ወልውለው በውድ ዋጋ ይለዋወጡታል።

ስለ ውድቀቱ ሁለት ወሬዎች ይነገራሉ። አንደኛው “አድማጩ አልገባውም፤ ጆሮው አልሠለጠነም” የሚል ነው። ሁለተኛው “ነገሩ ከመነሻው የነጋዴ ማታለያ ነበር” ይላል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው፤ የሚጠቅሙትም ወገን አንድ ነው። ፊተኛው ጥፋቱን ከኩባንያው አንሥቶ በአድማጩ ጫንቃ ላይ ይጭናል። ኋለኛው ደግሞ የአርቲስቱን ድካም ከነጋዴው ሸቀጥ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይቀብራል።

በሁለተኛው ወሬ እንጀምር። ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ መጨነቅ የፋብሪካ ፈጠራ አይደለም። ደብተሮች በማኅሌት በቀኝና በግራ ተሰልፈው ዜማውን ሲቀባበሉ የኖሩት አምፕሊፋየር ከመፈጠሩ እጅግ ቀድሞ ነው። በኤሌክትሪክ ዘመንም ቢሆን ቀዳሚዎቹ ነጋዴዎች አልነበሩም። ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን፣ ሠለስቱ ደቂቅ በእቶነ እሳት መካከል የዘመሩትን መዝሙር መነሻ አድርጎ የሠራውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በ1956 በኮሎኝ ከተማ ሲያቀርብ፣ ድምፁን አድማጮቹን በከበቡ ድምፅ ማጉያዎች አከፋፍሎ ነበር። በ1958 በብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የኤድጋር ቫሬዝ ሥራ በመቶዎች በሚቆጠሩ ድምፅ ማጉያዎች በኩል በሕንፃው ግድግዳዎች ላይ ተጉዟል። በ1967 ፒንክ ፍሎይድ የተባለው ቡድን በለንደን አዳራሽ ውስጥ ድምፅን በተመልካቹ ዙሪያ አዙሯል። እነዚህ ሰዎች የሚሉት ነበራቸው፤ ለሚሉትም ነገር መሣሪያ ፈለጉ። በዚህ መንገድ የመጣን ሐሳብ ማታለያ ማለት ታሪክን መካድ ነው።

ታዲያ ማን ገደለው? እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወሬ ይፈርሳል። ሐሳቡ ከአርቲስቱ እጅ ወጥቶ ወደ ገበያ ሲገባ፣ አንድ የጋራ ሥርዓት ከማበጀት ይልቅ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ዙፋን ዘረጋ። የአሜሪካው ሲ.ቢ.ኤስ በ1971 ኤስ-ኪው የተባለውን ሥርዓት አወጣ። የጃፓኑ ሳንሱዊ ፊደሎቹን የገለበጠ ያህል ኪው-ኤስ የተባለ ሌላ ሥርዓት አቀረበ። ሁለቱም አራቱን ቻናሎች በሁለት ጨፍልቀው በሸክላው ላይ የሚቀርጹ፣ በኋላም በዲኮደር የሚፈቱ ነበሩ፤ ነገር ግን የአንዱን ሸክላ የሌላው ዲኮደር በትክክል አይፈታውም። በተራ ዲኮደር ሲፈቱም በአንዳንድ ጎረቤት ቻናሎች መካከል የሚኖረው ልዩነት ከ3 ዴሲቤል አያልፍም ነበር። ከኋላ ሊሰማ የሚገባው ክራር ከፊትም ያንጎራጉራል እንደ ማለት ነው። ጄ.ቪ.ሲ ያወጣው ሲዲ-4 አራቱን ቻናሎች በእርግጥ ይለያል። ይሁን እንጂ የኋላዎቹን የሚለይበት ምልክት የሰው ጆሮ ከሚሰማው በላይ በ30,000 ኸርዝ ሞገድ ላይ የተጫነ ስለሆነ፣ ልዩ ቅርጽ ያለው መርፌና ልዩ መፍቻ ይጠይቃል። ተራ መርፌ ይህን ረቂቅ ምልክት ከማንበብ ይልቅ ይፍቀዋል።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። በደመወዙ አንዱን ሥርዓት የገዛ አድማጭ፣ የሌላውን ኩባንያ አርቲስት በሚገባ መስማት ተከለከለ። ይህ ሰው “አልገባውም” ሊባል አይገባም። በጣም ገብቶት ነው ኪሱን የዘጋው።

አምፕሊፋየር ሠሪዎቹ ለዚህ ውዥንብር የሰጡት መልስ ሣጥኑን ማግዘፍ ነበር። ማራንትዝ 4400 ለእያንዳንዱ ቻናል 50 ዋት ይሰጣል፤ ሲፈለግ አራቱ ቻናሎች ሁለት ሁለት እየተጣመሩ ለእያንዳንዱ 125 ዋት ወደሚሰጥ ስቴሪዮ ይለወጣል። በፊቱ ላይም የድምፁን ቅርጽ በብርሃን መስመር የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ተገጥሞለታል። ዕቃው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ጆሮ ሊፈርድ በሚገባው ጉዳይ ዓይን ለዳኝነት ተሠየመ። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ አራት አፍ ያለው ሣጥን አራቱን አፎች ወደ ሁለት የሚመልስ ማብሪያ ይዞ መወለዱ ነው።

ስለ ዋትም ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ማስታወቂያዎች የኃይል መጠንን ያለ ልክ ያጋንኑ ስለነበር፣ በ1974 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሻጮች የማያቋርጠውን ኃይል፣ የተለካበትን ኦም፣ የሞገድ ክልሉንና የመዛባቱን መጠን አብረው እንዲገልጹ አስገደደ። ውሸቱ ደንብ እስኪያስፈልገው ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። እውነተኛው ዋት እንኳ ሲታይ የተባለውን ያህል አይደለም። ኃይሉ በእጥፍ ቢያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለሰው ጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ይጠይቃል። ከ50 ወደ 100 ዋት የተሻገረ ገዢ የከፈለው በአብዛኛው ለቁጥሩ ነው።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የወደቀው በሥራዎቹ ላይ ነው። በ1973 ዘ ሁ የተባለው ቡድን ለአራት ቻናል ያሰበውንና ስሙንም ከኳድራፎኒክ ያወረሰውን ኳድሮፌኒያን ለሕዝብ ያቀረበው በስቴሪዮ ብቻ ነበር። መሐንዲሱ አላን ፓርሰንስ ለፒንክ ፍሎይድ የ1973 አልበም ያዘጋጀው ባለአራት ቻናል ቅንብርም ለብዙ ዓመታት ከአብዛኛው አድማጭ ርቆ ቆይቶ በ2011 በአዲስ ዲስክ ታተመ። ሥርዓቱ ሲወድቅ ሥራውንም ይዞ ወደቀ።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የፊልም አዳራሾች ዶልቢ ስቴሪዮ በተባለው ሥርዓት አራት ቻናሎችን በሁለት ጨፍልቆ የመፍታቱን ዘዴ ተቀበሉ፤ በ1982ም ዘዴው ወደ መኖሪያ ቤት ተመለሰ። በፊልም ቤት የሠመረበት ምክንያት ስውር አይደለም። ታሪክ የሚናገር ሥራ ነበር፤ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው የሚያገለግል የጋራ ሥርዓትም ነበር።

ዛሬ አሮጌውን ሣጥን የሚያመልኩ ሰዎች ዋቱን፣ ክብደቱንና የመብራቱን ቀለም ያለማቋረጥ ይዘረዝራሉ፤ ምን እንደሚያሰሙበት ሲጠየቁ ግን መልስ ያጥራቸዋል። የደረቀውን ካፓሲተር ለውጦ፣ የዛገውን ማብሪያ ጠርጎ፣ በዘመኑ የተቀረጸውን ሸክላ በአራቱም ቻናል የሚያሰማ ጠጋኝ ግን ለኪነጥበብ ውለታ ይሠራል። የተቀበረን ሥራ ያስነሣልና።

ለትምህርት ቤትም ሆነ ለባህል አዳራሽ የድምፅ ዕቃ እንዲመርጡ ኃላፊነት የተጣለባቸው ሁሉ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሊወስዱ ይገባል። “ስንት ዋት ነው? ስንት ቻናል አለው?” ከማለት በፊት “ለየትኛው ሥራ? ለየትኛው አድማጭ?” ተብሎ ይጠየቅ። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የተገዛ ሣጥን፣ አራት አፍ ቢኖረውም የሚናገረው የለውም።