ስልኩን አንሱት

ዝም አይነቅዝም! ይህን አባባል የሕዝብ ግንኙነት ሥራ መመሪያ ያደረገው ማን ነው? ከወረዳ እስከ ሚኒስቴር ብትዞሩ የምታዩት ይኸው ነው። ምርቃት ሲኖር ካሜራ ይጠራል። ችግር ሲኖር ስልክ ይጠፋል። የአለቃው ስም በክፉ ሳይነሳ ከዋለ ሥራው እንደተሠራ ይቆጠራል። በዚህ የሚያምኑት አለቆች ብቻ ቢሆኑ እንዲህ ባልተንገበገብኩ። ባለሙያው አምኖበታል። ጋዜጠኛው ተላምዶታል። ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር ተምሮ የመጣው ወጣት እንኳ ዓመት ሳይሞላው ይለምደዋል። እኔ ግን አልቀበለውም። ዝምታ ይነቅዛል። ሲነቅዝም የሰው ሕይወት ይበላል።

አጋነንክ የሚለኝ ካለ ሰፈሬ ድረስ ይምጣ። ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ረጲ። ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ተራራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። በማግስቱ ማታ የሟቾቹ ቁጥር 46 ተባለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ከ110 በላይ ሆነ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። አስከሬን ገና እየተፈለገ ቁጥር በማደጉ ማንንም አልወቅስም። የእኔ ጥያቄ ከዚያች ቅዳሜ በፊት ስለነበረው ጊዜ ነው።

ቆሼ ድንገት የበቀለ አይደለም። የከተማዋ ጥራጊ ከ50 ዓመታት በላይ ሲከመርበት የኖረ ቦታ ነው። ለእሱ ምትክ ይሆናል የተባለው የሰንዳፋ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙና ሥራው ቆመ። መኪናዎቹ ቆሻሻቸውን እንደተሸከሙ ወደ ረጲ ተመለሱ። ይህንን ውሳኔ የወሰነ ሰው አለ። የፈረመ ሰው አለ። ጉዳዩን በቃለ ጉባኤ ያሰፈረ ሰው አለ። ለመሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስተኙበት ጎጆ በላዩ ምን እየተጫነበት እንደሆነ በግልጽ የነገራቸው ማን ነው? የትኛው ባለሙያ ነው ተራራው ሥር ወርዶ «ይህ ክምር አደጋ አለው፤ የምትነሱት በዚህ ቀን ነው፤ የምትሄዱት ወደዚህ ነው» ያለው? ያኔ ከንቲባ የነበሩት ድሪባ ኩማ ነዋሪዎቹ ሌላ ቦታ እንደሚሰፍሩ የተናገሩት አደጋው ከደረሰ በኋላ ነበር። በኋላ! ነዋሪዎቹ ደግሞ ከላይ የሚካሄደውን የኃይል ማመንጫ ግንባታ ወቀሱ። ተሳስተዋል ከተባለ የመሐንዲሶቹ ማስረጃ ሰው በሚገባው አማርኛ ተጽፎ ወረዳው ደጃፍ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ሐዘንተኛን «ወሬ ነው» ብሎ ማለፍ መልስ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሌላውን ፊት ተመልከቱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ቆሼ አጠገብ የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎቻችን ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ አየሁ። በአፍሪካ የመጀመሪያው! በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ! ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮኑ፣ ጋዜጣው፣ ፌስቡኩ በአንድ አፍ ተናገሩ። ታዲያ ከምርቃቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ጣቢያው በየወሩ ምን ያህል እንዳቃጠለ፣ ስንት ቀን እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ ለቤተል ነዋሪ በዚያው ድምፅ ማን ነገረው? መናገር እንደምትችሉ ሪባን ሲቆረጥ አሳይታችሁናል። ስለዚህ በጀት የለንም፣ የሰው ኃይል የለንም አትበሉን።

ይህ የረጲ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ስለተበላሸ አገልግሎት ለመጠየቅ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ደወልኩ። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ የሰጠኝ መልስ ይህ ነበር፦ «አሁን መግለጫ አንሰጥም። ሲስተካከል እንጠራሃለን፤ ካሜራ ይዘህ ትመጣለህ።» ሲስተካከልማ ሰዉ በዓይኑ ያየዋል! ማወቅ የሚያስፈልገው ሳይስተካከል አይደለም እንዴ?

የባለሙያው ኑሮም ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም። በዚህ ሥራ ዓመታት የቆየ ወዳጅ አለኝ። የማኔጅመንት ስብሰባ ሲካሄድ እሱ ውጭ ነው። ውሳኔው ሲወሰን አያውቅም። ነገሩ ሲፈነዳ ግን በሌሊት ይደወልለታል። «ቶሎ መግለጫ አውጣ!» ምን ብዬ? «የተባለው ሐሰት ነው በል።» ሐሰት መሆኑን ማን አጣራ? መልስ የለም። ሲነጋ ደግሞ ያው ሰው ፎቶ አንሺ ነው፣ መድረክ መሪ ነው፣ ባነር አሠሪ ነው፣ የአለቃውን ንግግር ጸሐፊ ነው። ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ገጽ ላይክና ሼር ማድረጉን ይቆጣጠራል። በሩብ ዓመት ሪፖርት የሚቀርበው የላይክ ቁጥር ነው። ስንት ዜጋ ጠየቀ፣ ስንቱ መልስ አገኘ የሚለው ዓምድ የለም። አለቃው ሲነሳ እሱም አብሮ ይነሳል፤ የቀድሞው ሰው ነው ተብሎ። እንዲህ ለሚጥለው አለቃ ነው ስሙን የሚያቆሽሸው።

ጋዜጠኛ ወዳጆቼ፣ እናንተንም አልምርም። ከሕዝብ ግንኙነቱ ጋር ያላችሁ ዝምድና በምን ቆመ? በውሎ አበል። ሆቴል ተጠርታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ፣ የትራንስፖርት ተብሎ በፖስታ የታሸገውን ፈርማችሁ ትወጣላችሁ። የተሰጣችሁን ወረቀት «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ» እያላችሁ ታነባላችሁ። በማግስቱ አንድ ቀጥተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ ስትደውሉ ስልኩ ለምን እንደማይነሳ ይገርማችኋል? የዋጋችሁን ልክ ትናንት አይተውታል! ደመወዛችሁ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። አሠሪያችሁ የመስክ ወጪ የማይሸፍን መሆኑንም አውቃለሁ። ወጪውን ግን የሚሸፍነው የዜናው ባለጉዳይ ከሆነ፣ ያ ዜና የማን ነው?

ሕጉ ከማን ጋር እንደቆመ እንይ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የሚፈልግ ዜጋ ወደ ማን እንደሚሄድ ለይቶ አስቀምጧል። ወደ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። ኃላፊው በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን ያሳውቃል። ቅር የተሰኘ ሰው እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ሲወጣም የመረጃ ነፃነቱ ክፍል አልተሻረም። እንግዲህ «ኃላፊው ካልፈቀዱ አልናገርም» የሚለው ባለሙያ የሚሸሸው ከራሱ የሥራ ግዴታ ነው። የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ የሚያደርሰው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሚኒስቴር ተባለ፣ የኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተባለ፣ ፕሬስ ሴክሬታሪያት ተባለ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሆነ። ታፔላ ስንቀይር ኖርን። ስልክ የማያነሳው ሰው ግን አልተቀየረም።

«ችግርን በግልጽ መናገር የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ እዚህ አይሠራም» የሚለኝ አይጠፋም። ፈረንጁም ሲወለድ አላወቀውም፤ በአደጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ አትላንቲክ ሲቲ ባቡር ከድልድይ ወደ ውኃ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያዎች ልማድ አደጋን መደበቅ ነበር። የፔንሲልቬኒያ ባቡር ኩባንያ አማካሪ አይቪ ሊ ግን «ደብቁ» አላለም፤ የሆነውን ለጋዜጠኞች ራሱ ጽፎ ሰጠ። በሙያው ታሪክ ውስጥ የሚነሳው በዚህ ነው። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 በሉድሎው የማዕድን ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከተገደሉ በኋላ ለማዕድኑ ባለሀብት ለሮክፌለር ቆሞ ያልተጣራ ወሬ በተነ፤ ስሙም በዚያው ጠፋ። አንድ ሰው፣ አንድ ሙያ። እውነት ሲናገር ከበረ። አለቃ ሲሸፍን ተዋረደ። ለእኛ ሲሆን ይህ የሚለወጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንጀራዬ ነው ትሉኛላችሁ። ልጆች አሉኝ ትሉኛላችሁ። ቆሼ ሥር የተቀበሩትም ልጆች ነበሯቸው። ማንም ነገ ጠዋት ተነስታችሁ ምስጢር በትኑ አላላችሁም። የምጠይቀው ሕግ የሰጣችሁን ሥራ ነው። ስብሰባው ውስጥ ካልገባሁ መግለጫው ላይ አልፈርምም በሉ። ያላጣራሁትን ሐሰት ነው አልልም በሉ። ይህን ያለ አንድ ሰው ይባረር ይሆናል። መቶ ሆናችሁ ብትሉት ማን ያባርራችኋል?

አንተም አንባቢ፣ በልብህ «እውነቱን ነው» እያልክ በአፍህ ዝም አትበል። አንቺም እንዲሁ። በሰፈራችሁ ስለሚከመረው፣ ስለሚፈርሰው፣ ስለሚቋረጠው ነገር ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አዘጋጁና ለመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል አስገቡ። ግልባጩን ያዙ። የተቀበላችሁን ሰው ቀኑን ጽፎ እንዲፈርምበት አድርጉ። ከዚያ 30 ቀን ቁጠሩ።