እሬትም ያብባል

አማርኛችን በእሬት ላይ ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል፡፡ ኑሮ ሲከፋ «እሬት እሬት አለኝ» እንላለን፤ ክፉ ቃልም እሬት ነው፡፡ ምስክርነቱ ሐሰት አይደለም፤ የቅጠሉን ቢጫ ፈሳሽ የቀመሰ ያውቀዋል፡፡ ነገር ግን በዚህ ችሎት የቀረበው ምስክር ምላስ ብቻ ነው፡፡ ዓይን አልተጠየቀም፡፡

ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ግጥም እሞክራለሁ፡፡ በመካከል የምትተርፈኝን ጊዜ የምሰጠው፣ በረንዳዬ ላይ በጣሳና በሸክላ ለተከልኳቸው፣ ውኃ በቅጠላቸውና በግንዳቸው ለሚያጠራቅሙ ተክሎች ነው፡፡ ከእነርሱ ጋር ስኖር አንድ እምነት አድሮብኛል፦ ግጥም የሚጽፍ ሰው የሚጠቀምበትን ቃል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተክሎ ሊያየው ይገባል፡፡

እሬት ሲያብብ ከእሾሃማ ቅጠሎቹ መካከል ረጅም ዘንግ ያወጣል፡፡ በዘንጉ ላይ ቀይ፣ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ አበቦች ይደረደሩና ከታች ወደ ላይ በየተራ ይከፈታሉ፡፡ በውስጣቸው ያለው ንብ የምትቀስመው ፈሳሽ ጣፋጭ ነው፡፡ ምሬቱ ቅጠሉን ሊበላ ለመጣ ነው፤ ጣፋጩ ለእንግዳ ተቀምጧል፡፡

ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኢንገር ኖርዳል ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያንና የኤርትራን እሬቶች ዘርዝረዋል፡፡ ከ40 በላይ ዓይነቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከእነዚህ አገሮች ውጭ አይገኙም፡፡ አሎ ደብራና ስሙን ከደብረ ብርሃን፣ አሎ ሲናና ከደብረ ሲና፣ በገደል ላይ ቁልቁል የሚንጠለጠለው አሎ አንኮበረንሲስ ከአንኮበር ወስደዋል፡፡ ሳይንስ በየቀያቸው ስም ሲጠራቸው እኛ ሁሉንም «መራራ» በሚል አንድ ቃል ጨርሰናቸዋል፡፡

ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣችው ስታፔሊያ ደግሞ የምትፈረደው በአፍንጫ ነው፡፡ ኮከብ የሚመስለው ጸጉራም አበባዋ እንደ በሰበሰ ሥጋ ይሸታል፡፡ ቤቴ የመጣ እንግዳ ፊቱን ሲያዞር አልፈርድበትም፤ ሽታው ለእርሱ አልተላከምና፡፡ የተጠራው ዝንብ ነው፤ የአበባ ዱቄቷን የሚያመላልስላት እርሱ ነው፡፡ ውበት ሁሉ እኛን ደስ ለማሰኘት አለመፈጠሩን ከእርሷ በላይ የነገረኝ የለም፡፡

አያያዛቸው ቀላል፣ ትዕግሥታቸው ግን ከባድ ነው፡፡ አፈሩ አሸዋና ጠጠር ይደባለቅበት፤ ዕቃው ከታች ይበሳ፤ አፈሩ ሳይደርቅ ውኃ አይደገም፤ በሐምሌና በነሐሴ ከዝናብ ይጠለሉ፡፡ አብዛኞቹ ቀን ቀዳዳቸውን ዘግተው ሌሊት ይተነፍሳሉ፤ ውኃቸውን የሚቆጥቡት በዚህ ነው፡፡ ከዘር የበቀለ እሬት እስኪያብብ ዓመታት ያስጠብቃል፡፡ ብርቅ ነው ብሎ ከገደል ነቅሎ ማምጣት ግን ፍቅር አይባልም፤ ጥቂት ቦታ ብቻ የሚበቅልን ተክል የነቀለ ስሙንም አብሮ ይነቅላል፡፡ ከጎረቤት ቡቃያ መለመን ይሻላል፡፡

«እሬት» ከግጥማችን ይውጣ አልልም፤ ምሬቱ እውነት ነው፡፡ የምለምነው፣ ከእንግዲህ ቃሉን የሚጽፍ ገጣሚ ዘንጉ ሲወጣ ያየ እንዲሆን ነው፡፡ ያየ ሰው ስለ ምሬት ሲጽፍ እንኳ ለአበባ ቦታ ይተዋል፡፡