የቤት ውኃ ማሞቂያ ዋጋው በሱቅ ከተጻፈው ጋራ አንድ አለመሆኑ

በአዲስ አበባና በሌሎቹ የደጋ ከተሞቻችን የቤት ሙቀት ነገር ሲነሣ፣ በአውሮፓ እንደሚደረገው በየክፍሉ ቧንቧ ዘርግቶ ግድግዳውንና ወለሉን ማሞቅ ማለት አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ብትሆንም፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ በቀኑ ፀሐይ ይካሳል፤ የክረምቱም ቅዝቃዜ በጋቢና በወፍራም ልብስ ሲታለፍ ኖሯል። ባለቤቱን ገንዘብ አስወጥቶ ዕቃ የሚያስተክለው ሙቀት የገላ መታጠቢያው ውኃ ሙቀት ነው። ስለዚህም ንግግራችን በዚሁ ላይ ይሆናል፤ ይኸውም ባለቤቱ ማሞቂያውን በራሱ እጅ ቢተክል ምን ይተርፈዋል፣ ሻጩ ነጋዴስ ለገዢው ምን ሊነግረው ይገባል የሚለው ነው።

ስለ ክፍል ማሞቂያ ጥቂት ቃል ተናግረን እንለፍ። በቀድሞዎቹ ቪላዎች ውስጥ የሚገኘው ቡኻሪ ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ከእንጨቱ ሙቀት የሚበዛው በጭስ ማውጫው ሽቅብ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ማገዶ በተወደደበት ዘመን ለእንግዳ ቀን ካልሆነ በቀር አይመከርም። በፈርኔሎ ከሰል አቀጣጥሎ፣ መስኮት ዘግቶ መተኛት ደግሞ ከሁሉ ርካሽ መስሎ የሚታይ፣ በእውነቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። በዚህ ረገድ ዋጋ ማነጻጸር አያስፈልግም። 2,000 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለሦስት ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ተከላ የሚባል ነገር ግን የለውም፤ ሶኬቱና ሽቦው ጤነኞች መሆናቸውን መርምሮ መሰካት ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ዋጋውን በብር ሳንጽፍ መቅረታችን ታስቦበት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋው እንደየጭነቱ የሚለዋወጥ ሆኗል፤ ቦይለሩም፣ ቧንቧውም፣ ሬዚስታንሱም ባመዛኙ ከውጭ የሚገቡ ስለ ሆኑ ዛሬ የታተመ ዋጋ ለሚመጣው ወር ገዢ ማሳሳቻ ይሆናል። የማይለዋወጡት ሊትሩ፣ ሜትሩ፣ አምፔሩና ኪሎዋት ሰዓቱ ናቸውና፣ አንባቢው ይህን ልክ ይዞ መርካቶ ቢወርድ የዕለቱን ዋጋ ራሱ ሊያባዛበት ይችላል።

እንግዲህ አምስት ነፍስ ያለበትን ቤተ ሰብ እንውሰድ። አንዱ ሰው ገላውን ለመታጠብ 40 ዲግሪ የሞቀ 30 ሊትር ውኃ ቢበቃው፣ ለአምስቱ 150 ሊትር ያስፈልጋል። ከቧንቧ የሚመጣው ውኃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ ይህን ያህሉን ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይጠፋል፤ በወር ሲሰላ 115 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለ ሆነ የዕቃው ስም፣ የተሠራበት አገርና የሻጩ አንደበት አይለውጡትም። «ይህኛው ኤሌክትሪክ አይበላም» የሚል ቃል በሱቅ ውስጥ ቢሰማ፣ ገዢው ፈገግ ብሎ ይለፈው። በሬዚስታንስ የሚሠሩት ሁሉ አንዱን ሊትር ውኃ ለማሞቅ የሚወስዱት ኃይል እኩል ነው፤ ልዩነታቸው ኃይሉን በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚስቡትና ያሞቁትን እንዴት እንደሚያቆዩት ነው። የተከላውም ወጪ የሚወለደው ከዚሁ ልዩነት ነው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የለመደውን ቦይለር እንመልከት። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውኃውን 60 ዲግሪ ቢያደርሰው፣ ከቀዝቃዛው ጋራ ሲደባለቅ 150 ሊትር የመታጠቢያ ውኃ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ላልነው ቤተ ሰብ ልክ ነው። 2,000 ዋት ሬዚስታንስ ያለው እንደ ሆነ ሥራውን በሁለት ሰዓት ያህል ይፈጽማል፤ የሚስበውም 9 አምፔር ብቻ ስለ ሆነ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቁታል። ጉዳቱ ቀኑን ሙሉ በርቶ የዋለ እንደ ሆነ የሚያመልጠው ሙቀት፣ እንደ ሽፋኑ ጥራት፣ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መድረሱ ነው፤ ለዚህም መድኃኒቱ በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ ማብራት ነው። ከነውኃው 100 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ግን የሚሰቀልበትን ግድግዳ ማወቅ ያሻል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ከቶ አይሰቀልም፤ ከወለል የተነሣ የብረት እግር ይሠራለታል፤ የዚህ እግር ዋጋ በማናቸውም ሱቅ የዋጋ ወረቀት ላይ ተጽፎ አይገኝም።

ሁለተኛው በመታጠቢያው አጠገብ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ነው። በሱቅ ዋጋው ከቦይለሩ ያነሰ፣ ቦታም የማይዝ በመሆኑ ብዙ ሰው ይወደዋል። ዳሩ ግን 5,500 ዋት የሆነው ዓይነት 25 አምፔር ይስባል። ለመብራትና ለሶኬት የተዘረጋው ሽቦ ይህን ስለማይችል፣ ከቆጣሪው ሰሌዳ ጀምሮ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ካሬ፣ ርቀቱ ከበዛም 6 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ለብቻው መዘርጋትና ብሬከሩንም ለብቻው ማድረግ ያስፈልጋል። ሰሌዳው ከመታጠቢያ ቤቱ 15 ሜትር ቢርቅ፣ የሽቦው፣ የፕላስቲክ ቱቦው፣ የግድግዳው መቦርቦርና መልሶ መለሰን ተደምሮ ዕቃው የተገዛበትን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ኃይል ስቦም በደቂቃ የሚያወጣው 40 ዲግሪ የሞቀ ውኃ 3.6 ሊትር ብቻ ነው። ከዚህም በቀር የግፊት ነገር አለ። ውኃ በ10 ሜትር ቁመት 1 ባር ግፊት ይሰጣል፤ ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ቤቱ የሚጠቀመው ከሮቶ በሚወርድ ውኃ ሲሆን፣ ሮቶው ከመታጠቢያው 2 ሜትር ብቻ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግፊቱ 0.2 ባር ነው። በዚህ ግፊት ብዙዎቹ ፈጣን ማሞቂያዎች አይበሩም፤ እንግዲህ ፓምፕ ይጨመራል ማለት ነው። ርካሹ ዕቃ እንዲህ እያለ ይወደዳል።

ሦስተኛው የፀሐይ ማሞቂያ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም አድርገን ልንናገር እንወዳለን፤ በሱቅ በተጻፈው ዋጋና በጣራ ላይ ተተክሎ በሚሠራው ዕቃ ዋጋ መካከል ያለው ርቀት ከሁሉ የሚሰፋው በዚህኛው ነውና። በከተማችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል፤ 2 ካሬ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ከዚህ ከመቶ 40 እጁን ቢይዝ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ለአምስቱ ሰዎች ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ደመና የሚበዛበትን የክረምቱን ሦስት ወር ለሬዚስታንሱ ብንተውለት እንኳ፣ በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ከቆጣሪ ያድናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ እየጨመረ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የሚድነው ውድ የሆነው የላይኛው ክፍል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲሄድ ስለ ተወሰነ፣ ስሌቱ ከዓመት ዓመት ለፀሐይ እያደላ መሄዱ አያጠራጥርም።

የሆነ ሆኖ 150 ሊትር የሚይዘው የፀሐይ ማሞቂያ ከነውኃውና ከነእግሩ ወደ 200 ኪሎ ይመዝናል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ ቆርቆሮ የተመታበት ጣራ ይህን ሊሸከም የሚችል አይደለም። ስለዚህ የብረት መቆሚያ ይበየዳል፤ ግፊት የማይችለው ዓይነት ከሆነም ሮቶው ከማሞቂያው በላይ መቀመጥ ስላለበት ለሮቶው ሌላ፣ ከፍ ያለ መቆሚያ ይጨመራል። ከጣራው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ሙቅ ውኃ የሚችል የፒ ፒ አር ቧንቧ 20 ሜትር ቢፈጅ፣ ሙቁ እስኪደርስ ድረስ በቧንቧው ውስጥ የቆመው 3 ወይም 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ በየጊዜው ይፈስሳል፤ ውኃ በሚያጥርበት ከተማ ይህም ወጪ ነው። ቧንቧው በስፖንጅ ካልተሸፈነ ደግሞ ቀን የሞቀው በሌሊት ብርድ ይወሰዳል። ባለ ብርጭቆ ቱቦ የሆነውን ዓይነት የገዛ ሰውም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ባዶውን በፀሐይ ላይ ሲግል የዋለውን ቱቦ በቀትር ቀዝቃዛ ውኃ ቢሞሉት ይሰነጠቃል። የሚሞላው ፀሐይ ሳይወጣ በማለዳ ነው። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ሻጩ ባለመናገሩ የተሰበረው ብርጭቆ ስንት እንደ ሆነ ብንገምት ብዙ ነው።

ባለቤቱ በራሱ እጅ ቢሠራስ? በእኛ አስተያየት ከተከላው ሥራ የሚበዛው በእጁ ሊሠራው የሚችለው ነው። መቆሚያውን ማስለካትና ማቆም፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞር፣ ብሎኑን መምታት፣ ቧንቧውን መዘርጋትና መሸፈን ጥንቃቄ እንጂ የተለየ ዕውቀት አይፈልግም። የፒ ፒ አር ማጋጠሚያ መሣሪያም በኪራይ ይገኛል፤ ጀማሪው ግን ቧንቧውን ከመጠን በላይ አሙቆ የገጠመው እንደ ሆነ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ቀልጦ ቀዳዳውን ስለሚያጠበው፣ አስቀድሞ በቁራጭ ላይ ይለማመድ። በዚህ ሁሉ የሚተርፈው የሁለት ወይም የሦስት ቀን የባለሙያ ክፍያ ነው፤ ይህም ቀላል ገንዘብ አይደለም።

በእጁ ሊነካው የማይገባው የኤሌክትሪኩ ማያያዣ ነው። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ሳለ ከጀርባው የምድር ሽቦ የሌለበት ቤት ጥቂት አይደለም፤ የሬዚስታንሱ ሽፋን የተበሳ ዕለት እርጥብ ሰውነት ባለው ሰው በኩል ወደ ምድር የሚወርደው ኤሌክትሪክ የ220 ቮልት ነው። የምድር መስመሩን በመሣሪያ ለክቶ የሚያረጋግጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ በ30 ሚሊአምፔር ወዲያው የሚቆርጠውን ብሬከር የሚገጥም ባለሙያ የግማሽ ቀን ዋጋ ቢጠይቅ ሊከፈለው ይገባል። እንዲሁም ሴፍቲ ቫልቩ አይነካ። 80 ሊትር ውኃ 60 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሊትር በላይ ይሰፋል፤ ቫልቩ ጠብ ጠብ የሚለው ይህን ሊያወጣ ነው፤ «ያፈሳል» ብሎ በቡሽ የደፈነው ሰው በቤቱ ውስጥ ቦምብ አኑሯል። ቦይለሩ ሳይሞላ ማብሪያውን የተጫነም ሬዚስታንሱን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያቃጥላል፤ በማግሥቱም ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ሲከራከር ይገኛል።

ነገሩ ለእኛ ለነጋዴዎቹ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በሱቁ የዋጋ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የዕቃው ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ገዢው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ቫልቭ የለም፣ ሽቦ አይበቃም፣ መቆሚያ ያስፈልጋል እየተባለ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። በመጨረሻም የቸገረው ሰው ቫልቩን ትቶ፣ የምድሩንም ሽቦ ትቶ ይተክላል፤ የሚቀነሰው ሁልጊዜ የማይታየው ነውና። በበኩላችን የምንለው፣ ማሞቂያ የሚሸጥ ነጋዴ ሁለት ዋጋ ይጻፍ፤ አንዱ የዕቃው፣ ሁለተኛው ቫልቩ፣ ቧንቧው፣ ሽቦው፣ ብሬከሩ፣ መቆሚያውና የኤሌክትሪክ ባለሙያው ድካም ተደምሮ ውኃ እስኪሞቅ ድረስ ያለው። ቫልቩ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑም ይቅር፤ ከቦይለሩ ጋራ በአንድ ካርቶን ውስጥ ይሰጥ።

«ሙሉውን ዋጋ ብጽፍ ገዢው ደንግጦ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እውነትነትም አለው። አንድ ሱቅ ብቻውን ቢያደርገው ይጎዳል። ስለዚህም ነው ነገሩን በንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ላይ የምናነሣው፤ የማሞቂያ አስመጪዎችና ቸርቻሪዎች ተሰብስበው አንድ ዓይነት የዋጋ ቅጽ ቢስማሙበት ማንም ከማንም አይጎዳም። በዋስትናም በኩል ቢሆን፣ ዕቃው በትክክል የተተከለ መሆኑን የሚያሳይ የባለሙያ ፊርማ በቅጹ ላይ ቢኖር የተቃጠለውን ሬዚስታንስ ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ባጭሩ ይቀራል። ከተግባረ እድና ከሌሎቹም የሙያ ማሠልጠኛዎች የሚወጡት ወጣቶች ለዚህ ፊርማ የሚበቁ ናቸው፤ ስማቸውንና አድራሻቸውን በሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ ለነጋዴው ምንም አያስወጣውም።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖረው ሰው ግን ይህ ሁሉ ንጽጽር ጠባብ ነው። ጣራው የጋራ ስለ ሆነ የፀሐይ ማሞቂያ ለመትከል የማኅበሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቧንቧውም በአራት ፎቅ ሲወርድ ርዝመቱና በውስጡ የሚቀዘቅዘው ውኃ ትርፉን ይበላዋል። ለላይኛው ፎቅ ነዋሪ ማኅበሩን ማስፈቀድ ይበጀዋል፤ ከሥር ላለው ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ የሚበራ፣ ሽፋኑ ወፍራም የሆነ የ50 ወይም የ80 ሊትር ቦይለር ይሻለዋል፤ ሻጩም ይህን ለመናገር አስቀድሞ የገዢውን የፎቅ ቁጥር ይጠይቅ።