እምቢ ያለ ዳዶ በጉልበት አይግባ

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ጋዜጣዎ ለሕዝብ ይጠቅማል የተባለውን አሳብ ሁሉ ሳይንቅ የሚያወጣ በመሆኑ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አጭር ጽሑፌን በአንባብያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የአንድ ዳዶ ነገር ነው። «ዳዶ ደግሞ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው በጋዜጣ የሚጻፈው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም እስካለፈው ወር ድረስ እንደ እርሱ አስብ ነበርና።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከአባቴ የወረስሁት አሮጌ ቮልስ ዋገን አለኝ። የዚህ ዓይነቱ መኪና የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ሆነ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የምናያቸው ሁሉ በባለቤቶቻቸው ጥንቃቄ የቆሙ ሽማግሌዎች ናቸው። ደመወዜም ለጋራዥ የሚተርፍ ስላልሆነ ቀላል ቀላሉን ሥራ ቅዳሜ ቅዳሜ በግቢዬ ውስጥ ራሴ እሠራለሁ።

ባለፈው ወር የኋላውን የፍሬን ሸራ ለመለወጥ ተነሣሁ። በቮልስ ላይ የኋላውን የፍሬን ታምቡር ለማውጣት አስቀድሞ በአክስሉ ጫፍ ያለውን ትልቁን ባለ 36 ዳዶ መፍታት ግድ ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሳለ ይህን ዳዶ መታገል አደጋ ስለ ሆነ፣ ጎማው መሬት እንደ ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዤ፣ በሌሎቹም ጎማዎች ሥር ድንጋይ አድርጌ፣ በቁልፉ ላይ ረጅም የብረት ቱቦ ሰክቼ አላላሁት። ዳዶው እያንቋረረ በግድ ወጣ። ከወጣ በኋላ ያየሁት ነገር ግን አሳዘነኝ። የዳዶው ጠርዝ በመሮ ተፈንክቷል፤ የአክስሉም ጫፍ በመዶሻ ተደብድቦ፣ ባለጋራዦች ፊሌቶ የሚሉት ጠምዛዛ ጥርስ ከመጀመሪያው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ያህል ተጨፍልቋል።

ሸራውን ለውጬ ታምቡሩን ከመለስሁ በኋላ ዳዶውን ባስገባው እምቢ አለ። ሩብ ዙር ይሄድና ይቆማል። የእኅቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቱቦውን ስካበትና እንጫነው፤ ሳይወድ በግዱ ይገባል» አለኝ። በማግስቱ እናቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ሊባኖስ ለመሄድ ቃል ገብቼ ስለ ነበር፣ ምክሩ ደስ አሰኘኝና ቱቦውን አነሣሁ። ግማሽ ዙር እንደ ተጫንሁት፣ ዕድሜያቸውን በቶርኖ ሥራ የፈጁት አዛውንት ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አዩኝና፣ «ተው ልጄ! ብረት እምቢ ሲልህ የሚነግርህ ነገር አለው» ብለው ጮኹ። ወዲያው ወደ ግቢዬ ገቡ።

እርሳቸው እንዳስረዱኝ ከሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስሉ ጫፍ ውፍረቱ 24 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር በዞረ ቁጥር ወደ ፊት የሚሄደው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ዳዶው በጥቂቱ እንኳ ቢያዘነብል የራሱን መንገድ ለቆ በጎረቤቱ መንገድ ላይ ይገባና ሁለቱንም ይቆርጣል። በጉልበት የተጫነ ዳዶ በመጨረሻ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ጥብቀቱ የውሸት ነው። የጠበቀው ጥርስ ከጥርስ ጋር ስለ ተናነቀ እንጂ ታምቡሩን ስለ ያዘ አይደለም። ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ሥራው ተሠርቷል ማለት እንዳልሆነ እኛ የቢሮ ሰዎች እናውቃለንና ይህ ሊገባን አይቸግርም። ታምቡሩ ካልተያዘ ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙት የውስጥ ጥርሶች እየተበሉ ይሄዳሉ፤ ዳዶው ጨርሶ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ጎማው ከነታምቡሩ መኪናውን ጥሎ ይሄዳል። ይህ በገደል መንገድ ላይ ቢሆን ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን አሳዩኝ። ዳዶውን ወደ ኋላ አስመለሱኝ፤ ታምቡሩንም እንደ ገና አስወጡኝ። ጥርሱን በላምባና በብሩሽ አጠብነው። በጣም የተጨፈለቀውን በቀጭን ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ቀስ አድርገው አቃኑት። ከመለዋወጫ ሱቅም ሁለት አዲስ ዳዶ አስገዙኝ። አንዱን በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈሉትና፣ ሁለቱን ግማሾች በአክስሉ ላይ ከተበላሸው ጥርስ ወደ ውስጥ አልፎ ባለው ደኅና ጥርስ ላይ ገጥመው በመቆንጠጫ አጣበቁት። ከዚያም ዘይት እያደረጉ፣ ጥቂት ወደ ፊት ጥቂት ወደ ኋላ እያሉ፣ ወደ ውጭ ፈቱት። ግማሹ ዳዶ ከደኅናው ተነሥቶ ወደ ተበላሸው ሲሄድ የጠፋውን መንገድ እየጠረገ ወጣ። ሁለተኛውንም ዳዶ ቁልፍ ሳልይዝ በጣቴ ብቻ ባዞረው እስከ መጨረሻው ገባ። «በጣት ያልተጀመረ ዳዶ በቁልፍ አይጨረስም» አሉኝ። ጥርሱ ጨርሶ ተቦጭቆ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ አክስሉን መለወጥ ብቻ እንደ ሆነ፣ የብየዳ እሳት ጠንካራውን ብረት ስለሚያበላሽ በብየዳ መጠገን እንደማይገባም ነገሩኝ።

የማጥበቂያውም ልክ በዘፈቀደ አይደለም። በአንድ ሜትር ክንድ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል መጫን ነው፤ ይኸውም 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በግማሽ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ማለት ነው። ይህን የሚለካ ቶርክ ሬንች የሚባል ቁልፍ አለ። መቆለፊያው ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ ካልገጠመ እስኪገጥም ድረስ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ዳዶውን በመሮ፣ አክስሉን በመዶሻ የመታው ባለፈው ዓመት የሠራልኝ ጋራዥ ነው። በመጀመሪያ እነርሱን ልከስ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። በኋላ ግን የዚያን ቀን ሁኔታ ትዝ አለኝ። ልጁ «ጋሼ፣ ትክክለኛውን ቁልፍ ከጎረቤት ጋራዥ ተውሼ ልምጣ» ሲለኝ፣ «ቢሮ ይረፍድብኛል፣ ባለህ ነገር ቶሎ በል!» ያልሁት እኔ ነኝ። መዶሻውን ያነሣ እርሱ ቢሆን፣ ያስነሣው የእኔ ችኮላ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ባለጋራዦች ለእያንዳንዱ ጋራዥ አንድ ቶርክ ሬንች ቢገዙ፣ በደረሰኙም ላይ የተፈታውን የጎማ ዳዶና የጠበቀበትን ልክ ቢጽፉ፣ ወጪው ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ሁለተኛ፣ እኛ ባለመኪናዎች ሠራተኛውን በሰዓት ከማስጨነቅ ይልቅ አንድ ቀን በአውቶቡስ ብንሄድ ይሻለናል። የዳዶው ስሕተት በጎማው ክዳን ሥር ተሸፍኖ ስለሚቀር፣ የሠራውና ያሠራው ሰው ኅሊና ካልሆነ በቀር ሌላ ተቆጣጣሪ የለውም።

እናቴ መንገዱ በመቅረቱ ጥቂት ቅር ብሏቸው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ግን በሰላም ሄደን በሰላም ተመልሰናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ