የቤት ዕዳና የክፉ ቀን ገንዘብ

ደመወዝተኛ ወሩ ሲያልቅ የሚቀበለውን ገንዘብ አስቀድሞ ያውቀዋል። ነጋዴ ግን የሚያውቀው ያለፈውን ወር እንጂ የሚመጣውን አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ቤት ለመሥራት ወይም ለመግዛት ከባንክ ሲበደሩ የሚፈርሙት ውል አንድ ዐይነት ነው። የወሩ ክፍያ እኩል ነው፤ ቀነ ቀጠሮውም ገበያ ደራ ወይም ቀዘቀዘ ብሎ አይለወጥም። ስለዚህ የቤት ዕዳ ያለበት ነጋዴ፥ ደላላ፥ ባለመኪና ወይም በኮሚሲዮን የሚያድር ሰው ገንዘቡን እንዴት መከፋፈል እንደሚገባው የሚመስለኝን በዚህ ገጽ ለክቡራን አባሎች ለመግለጽ እወዳለሁ።

ነገሩ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው። ገበያ በቀናበት ወር ከወጪ የተረፈው ገንዘብ የቤቱን ዕዳ ለማፋጠን ይዋል ወይስ ለክፉ ቀን ይቀመጥ? ብዙዎች «ዕዳ ያለበት ሰው ቈጠብሁ ማለቱ ራሱን ማታለል ነው» ይላሉ። እኔ በበኩሌ አስቀድሞ መጠኑ በሒሳብ የታወቀ መጠባበቂያ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ የተረፈው ሁሉ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ዕዳው መግባት አለበት ባይ ነኝ።

ዕዳን ለማፋጠን የሚቸኵሉ ሰዎች ምክንያት የላቸውም አልልም። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት ተከፍሎ በሚያልቅ ስምምነት፥ በዓመት ከመቶ 16 ወለድ የተበደረ ሰው እናስብ። የወሩ ክፍያ 29,374 ብር ያህል ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 26,667 ብሩ ወለድ ነው፤ ከዋናው ገንዘብ የሚቀነሰው 2,707 ብር ብቻ ነው። ሰውዬው አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድል 1 ሚሊዮን 762 ሺህ ብር ያህል ቢከፍል ዋናው ዕዳ የሚቀነሰው በ246 ሺህ ብር ገደማ ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ያየ ሰው ያገኘውን ሁሉ ወደ ባንክ ለመውሰድ ቢጣደፍ አያስደንቅም። ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ቤት የገዙ አባሎቻችንም፥ ወለድ የሚባለው ባይነካቸውም፥ በየወሩ የሚከፍሉት የተወሰነ ገንዘብ ስላለ ከዚህ በታች የምናገረው እነርሱንም የሚመለከት ነው።

ነገር ግን ለዕዳው የገባ ገንዘብ አይመለስም። ባለዕዳው ባለፈው ጥር 100 ሺህ ብር ጨምሮ ስለ ከፈለ በነሐሴ የወር ክፍያ ቢጎድልበት ባንኩ «ጥር ላይ ብዙ ከፍለሃልና ይሁን» አይለውም። ውሉ የተለየ ቃል ከሌለበት በቀር የነሐሴው ክፍያ በነሐሴ ይጠየቃል። ባንኮች በመያዣ ስለ ያዙት ንብረት የወጣው አዋጅ ቍጥር 97/1990 ደግሞ ባለዕዳው ባይከፍል ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው፥ መያዣውን በሐራጅ ለመሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ባንኮች ይህን ሥልጣን በችኰላ ይጠቀሙበታል ማለቴ አይደለም፤ ለድርድርም ብዙ ጊዜ በራቸው ክፍት ነው። ቢሆንም ባዶ እጁን ለድርድር የሚቀርብ ሰውና የሦስት ወር ክፍያ በእጁ ይዞ የሚቀርብ ሰው በአንድ ዐይን አይታዩም።

መጠባበቂያው ስንት ይሁን ለሚለው ጥያቄ «የሦስት ወይም የስድስት ወር ወጪ» የሚል መልስ መስማት የተለመደ ነው። ይህ ለደመወዝተኛ ይበቃው ይሆናል። ለነጋዴ ግን አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በየዓመቱ ተመላልሶ የሚመጣ የገበያ መቀዝቀዝ ነው፤ ሁለተኛው ማንም ያልጠበቀው አደጋ ነው።

ክረምት ድንገተኛ አይደለም። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ሚስማርና ቆርቆሮ እንደማይነሣለት የታወቀ ነው። ዐቢይ ጾምም ድንገተኛ አይደለም። በጾሙ 55 ቀናት ብዙ ሥጋ ቤቶች በራቸውን ይዘጋሉ፤ የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ቀለብ ግን አይቆምም፤ የባንክ ቀጠሮም አይጾምም። ቡና የሚሸጥ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው በአዝመራው ወራት እንደ ሆነ እርሱም ባንኩም ያውቃሉ። በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፎ የሚታይ ነገር ሲደርስ «ክፉ ቀን መጣብኝ» ብሎ መጠባበቂያውን የሚነካ ነጋዴ፥ እውነተኛው ክፉ ቀን የመጣ ጊዜ ምንም አይተርፈውም። እንግዲህ ለታወቀው ወቅት የሚሆነው ገንዘብ ለብቻ፥ ላልታወቀው አደጋ የሚሆነው ለብቻ ሊቀመጥ ይገባል። በአንድ ደብተር ውስጥ ቢሆኑ እንኳ በሁለት መስመር መጻፍ አለባቸው።

በምሳሌያችን ያለው ባለዕዳ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው እንበል። ለቤተ ሰቡ በወር 25 ሺህ ብር ያወጣል፤ ከባንኩ ክፍያ ጋር 54,374 ብር ይሆናል። በክረምቱ ሦስት ወራት ከሱቁ የሚተርፈው 20 ሺህ ብር ብቻ ቢሆን በየወሩ 34,374 ብር ይጎድለዋል። የሦስቱ ወራት ጉድለት 103,122 ብር ነው። ይህ የታወቀው ነው። ላልታወቀው ደግሞ ሱቁ ጨርሶ ቢዘጋ ሦስት ወር የሚያኖረው 163,122 ብር ቢይዝ ጠቅላላው 266 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። ከዚህ በታች ሳለ ለዕዳው ከወሩ ክፍያ በላይ መጨመር የለበትም። ከዚህ በላይ ሲሆን ደግሞ ገንዘቡን አቅፎ መቀመጥ የለበትም።

አማካይ ገቢን ይዞ ማስላት ብዙ ሰው አሳስቷል። የዓመቱን ትርፍ ለ12 አካፍሎ «በወር ይህን ያህል አገኛለሁ» የሚል ነጋዴ ያንን ቍጥር የሚያክል ወር በዓመቱ ውስጥ ፈልጎ አያገኝም። የወር ክፍያ ሊመዘን የሚገባው በደካማው ወር ነው። በነገራችን ላይ፥ የጳጉሜን አምስት ቀን ሽያጭ በወር ኪራይና በወር ደመወዝ ሒሳብ ውስጥ ስለማይቈጠር ከዚያ የሚገኘውን ትርፍ በሙሉ ለመጠባበቂያው የሚተው አንዳንድ ነጋዴ አለ፤ ትንሽ ነገር ብትመስልም ደስ የምታሰኝ ዘዴ ናት።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ? ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ዕቃ መግዛትን ነው። «ብር ይረክሳል፥ ዕቃ አይረክስም» ይላል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋው ንረት ከመቶ 30 ያለፈ በመሆኑ፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በኋላም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ይህን የሚል ሰው ተሳስተሃል አይባልም። ነገር ግን ዕቃ የሚሸጠው ገበያ ሲኖር ነው፤ ክፉ ቀን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገበያ የሌለበት ቀን ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ ሀብታቸው ሁሉ በመደርደሪያ ላይ ለነበረ ነጋዴዎች ምን ማለት እንደ ነበረ ሁላችንም አይተናል። ሱቅና መጠባበቂያ በአንድ እሳት መጥፋት የለባቸውም።

በቤት ውስጥ ጥሬ ገንዘብ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ በሣጥን ያኖሩ ሰዎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ወደ ባንክ መሮጥ ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ስለ ዕቁብ ግን ሰፋ አድርጌ ልናገር። በጸሓፊነት ሥራዬ የሱቅ መዝገብ ብቻ ሳይሆን የዕቁብ መዝገብም ስለምይዝ ጠባዩን ዐውቀዋለሁ ብል ትዕቢት አይሆንብኝም። ዕቁብ ሰው በገዛ ፈቃዱ የማያደርገውን ቍጠባ በዳኛና በዋስ ፊት ያስደርገዋል። ለባንክ የማያፍር ሰው ለዕቁብተኛ ያፍራል። ስለዚህ መጠባበቂያን ለመሙላት ከዕቁብ የሚሻል መንገድ ያለ አይመስለኝም። መጠባበቂያ ሆኖ ለመቀመጥ ግን አይበቃም፤ ዕጣው የሚወጣው ልጅ በታመመ ቀን አይደለምና። ተራን ከሌላ አባል መግዛት ወይም ዳኛውን መለመን አለ፤ ቢሆንም የተቸገረ ሰው የሚገዛው ተራ ርካሽ አይሆንም። ከዚህም ሌላ ዕቁብ አስቀድሞ የደረሰው ሰው በእጁ የያዘው ገንዘብ የቀረውን ጊዜ ሁሉ የሚከፍለው ዕዳ መሆኑን ይዘነጋል፤ የቤት ዕዳ ባለበት ሰው ላይ ሁለተኛ የማይታለፍ ቀጠሮ ይጨመርበታል። የዕቁብ ዕጣ በወጣ ቀን መጠባበቂያውን የጎደለውን ያህል መሙላት፥ ትርፉን ለቤቱ ዕዳ መስጠት እንጂ ወዲያው አዲስ ዕቃ ማዘዝ አይገባም። ዕድርም ቢሆን ለሐዘን ቀን እንጂ ለባንክ ቀጠሮ አይደርስም።

እንግዲህ የሚቀረው የባንክ የቍጠባ ሒሳብ ነው፤ ከሱቁ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ የተለየ፥ ቼክ የማይጻፍበት፥ የሚቻል ከሆነም ለሱቁ ከሚሠራው ባንክ በሌላ ባንክ የተከፈተ። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቍጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ አድርጎት ነበር። በዚህ በከመቶ 7 ብናሰላ ለ100 ሺህ ብር በወር 583 ብር ይገኛል፤ ያው 100 ሺህ ብር ለዕዳው ቢከፈል ግን ከከመቶ 16 ወለድ በወር 1,333 ብር ያድናል። ልዩነቱ 750 ብር ነው። ለ266 ሺህ ብር በወር ወደ 2,000 ብር ይጠጋል። ይህ ኪሳራ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ለመጋዘኑ ዘበኛ የቀጠረ ነጋዴ ሌባ ባልመጣበት ወር «ደመወዙን በከንቱ ከፈልሁ» ሲል አልሰማሁም። ዘበኛው አንድ ሲበቃ ዐሥር መቅጠር ግን አይገባም፤ የመጠባበቂያው ልክ በሒሳብ መወሰን አለበት የምለውም ስለዚህ ነው። ብር እየረከሰ ሲሄድ የድሮ ዕዳ እየቀለለ መምጣቱን አውቀው ዕዳውን ለማፋጠን የማይቸኵሉም አሉ። ሐሳቡ ብልኅነት አለበት፤ ሆኖም በብዙ ውል ውስጥ ባንኩ ወለዱን ከፍ ለማድረግ የሚያስችለው ቃል ስለሚገኝ ውሉን ሳያነቡ በዚህ መተማመን አይበጅም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የሚኖሩበትን ቤት ለሱቁ ኦቨርድራፍት ደግሞ መያዣ ማድረግ በእኛ ዘንድ እየተለመደ ሄዷል። ይህ ሲሆን የሱቁ ኪሳራ በቀጥታ ወደ ልጆች መኝታ ቤት ይገባል፤ መጠባበቂያውም ለቤቱ መሆኑ ቀርቶ የሱቁን ጉድለት መድፈኛ ይሆናል። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ (አዋጅ ቍጥር 213/1992) የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት በመያዣ ለመስጠት የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ለመፈረም የተጠራች ባለቤት የመጠባበቂያውንም ደብተር ማየት ይገባታል እላለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ግን ፊርማዋ ይፈለጋል፥ ደብተሩ ይደበቃል።

ተጨማሪ ክፍያ ለመክፈል የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ። ገንዘቡ በቀጥታ ከዋናው ዕዳ ይቀነሳልን ወይስ ለሚመጡት ወራት ክፍያ ይያዛል? ዕዳን ቀድሞ በመክፈል የሚጠየቅ ቅጣትስ አለን? መልሱ ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ በመስኮት የተነገረ ቃል ግን ለመዝገብ አይሆንም።

ለምክር ቤታችንም የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለኝ። ለእርሻ ሥራ የሚሰጥ ብድር የሚከፈለው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ማድረግ የታወቀ አሠራር ነው። ለነጋዴው የቤት ብድርም ይኸው ሥርዓት ለምን አይታሰብም? ሥጋ ነጋዴው በጾሙ ወራት ወለዱን ብቻ ከፍሎ የዋናውን ድርሻ ከፋሲካ በኋላ ደርቦ ቢከፍል፥ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴውም ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከፍ ያለ፥ በክረምት ዝቅ ያለ ክፍያ ቢመደብለት ባንኩ ወለዱን አያጣም፤ የዘገየ ክፍያ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍም ያርፋል። ምክር ቤቱ የየንግዱን ዘርፍ የደራና የቀዘቀዘ ወር ከአባሎቹ መዝገብ አሰባስቦ ለባንኮች ቢያቀርብ፥ እኛ ጸሓፊዎች የምንይዘውን ሒሳብ በደስታ እንሰጣለን።